ከቈሰሉት ባላቸው አልጋ አጠገብ ያልራቁት እቴጌ ተዋበች

በሰው ሥጋ ላይ ከሚደርሱት መከራዎች ሁሉ ሕመም ልዩ ጠባይ አለው። ረኃብ ከፊት ገጽታ ይታያል፤ ዕርዛት ከልብስ ይታወቃል፤ ኀዘንም በዕንባ ይገለጣል። ሕመም ግን በታማሚው ሥጋ ውስጥ ተሰውሮ የሚኖር ስለ ሆነ መጠኑን በእውነት የሚያውቁት ታማሚውና የፈጠረው አምላክ ብቻ ናቸው። ስለዚህ በውጭ የቆመው ሰው ሁሉ ለሌላው ሰው ሕመም እንደ መሰለው ስም ያወጣለታል። አንዱ ስንፍና ነው ይላል፤ ሌላው የኀጢአት ቅጣት ነው ይላል፤ ሌላው የጠላት ሥራ ነው ይላል። ስሙ ከተሳሳተ ደግሞ መድኀኒቱም ይሳሳታል። ታማሚውም በአንድ ደዌ ሁለት ቍስል ይሸከማል፤ አንደኛው የሥጋው ቍስል ነው፤ ሁለተኛውም የሚያምነው ሰው ማጣቱ ነው።

ይህን ከጻድቁ ኢዮብ ታሪክ እንማራለን። ሦስቱ ወዳጆቹ መከራውን ሰምተው በመጡ ጊዜ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በዝምታ ከአጠገቡ ተቀመጡ፤ በዚህም መልካም አደረጉ። አፋቸውን ከፍተው ለሕመሙ ምክንያት መስጠት በጀመሩ ጊዜ ግን ሳቱ፤ ያልሠራውን ኀጢአት ሠርተሃል ብለው ጨነቁት፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር ወቀሳቸው። ከወዳጆቹ ይልቅ ትቀርበው የነበረችው ሚስቱም መከራው ከዐቅሟ በላይ ሆኖባት ተስፋ የመቍረጥ ምክር መከረችው። እንግዲህ ከታማሚ አጠገብ መቀመጥ ቀላል ሥራ አይደለም፤ በዚያ ስፍራ ወዳጅም ሚስትም ይፈተናሉ።

ዛሬ የምናነሣው የሕይወት ታሪክ በዚህ ፈተና ውስጥ ያለፉትን የእቴጌ ተዋበች ዓሊን ነው። እቴጌ ተዋበች የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት እንደ ነበሩ የማያውቅ የለም። ነገር ግን ስማቸው ዘወትር ከባላቸው የጦር ገድል ጋር ስለሚጠራ፥ በአንድ የቆላ አልጋ አጠገብ ያደረጉት ነገር የሚገባውን ያህል አልታሰበም። እኛ ይህን ማስታወስ የፈለግነው ታሪኩን ለታሪክነቱ ብቻ ሳይሆን፥ በየቤቱ የታመመ የትዳር ጓደኛ ይዘው ለሚደክሙት ሁሉ ትምህርት ስለሚሆን ነው።

አስቀድሞ ስፍራውን ማወቅ ይገባል። ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ ቀዝቃዛውን ደጋ ትቶ ወደ ሰፊ ቆላ ይገባል። በዚህ ቆላ ጫፍ፥ ከሱዳን ገላባት ጋር ፊት ለፊት፥ መተማ ትገኛለች። መተማ በዚያ ዘመን ከደጋው የሚወርደው ቡናና ሰም፥ ከሱዳንም የሚመጣው ሸቀጥ የሚገናኝባት ታላቅ ገበያ ነበረች። ቈየት ብሎም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁት በዚህችው መተማ ነው። ከመተማ ወደ ደቡብ የቋራ ምድር ይቀጥላል። ዛሬ ሁለቱም በምዕራብ ጎንደር ዞን ውስጥ ይገኛሉ። ምድሩ ለም ነው፤ ሰሊጥና ጥጥ ማሽላም ያበቅላል፤ ማኅበረ ሥላሴን የመሰለ ገዳምም አለው። ይሁን እንጂ ሙቀቱ ከባድ ስለ ሆነና ንዳድ ስለሚበዛበት፥ የደጋ ሰው ወደዚያ ሲወርድ ከጥንት ጀምሮ እየፈራ ነው የሚወርደው።

እቴጌ ተዋበች የተወለዱት ከዚህ ቆላ ርቆ፥ በዘመነ መሳፍንት ከሁሉ በላይ ኀይል ከነበረው ከየጁ መሳፍንት ቤት ነው። አባታቸው መናገሻቸውን በደብረ ታቦር አድርገው በነገሥታቱ ስም አገር ያስተዳድሩ የነበሩት ራስ ዓሊ አሉላ ናቸው፤ አያታቸውም እቴጌ መነን ሊበን ናቸው። በዚያ ዘመን በጎንደር ዙፋን ላይ የሚቀመጡት ነገሥታት ስም እንጂ ሥልጣን አልነበራቸውም። ወይዘሮ ተዋበች እንግዲህ ያደጉት አገር በሚታዘዝበት ቤት፥ በምቾትና በክብር ነው።

ባላቸው የሆኑት ካሣ ኀይሉ ግን ዕጣቸው ሌላ ነበር። በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። በአባታቸው በኩል ከቋራ ገዢዎች ወገን ቢሆኑም፥ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ በችግራቸው ጊዜ ኮሶ ሸጠው እንዳሳደጓቸው ይነገራል። ጠላቶቻቸውም እስከ መጨረሻ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ሰድበዋቸዋል። በልጅነታቸው በጎንደርና በጣና መካከል በሚገኘው በተክለ ሃይማኖት ገዳም ትምህርት ተማሩ። ከዚያም በወንድማቸው በደጃዝማች ክንፉ ቤት ወታደርነትን ለመዱ። ደጃዝማች ክንፉ ከሞቱ በኋላ ግን ርስታቸው ስለ ተወሰደ በቋራ በረሓ ሸፈቱ፤ ብዙ ተከታይም አገኙ።

እቴጌ መነንና ራስ ዓሊ ይህን ሽፍታ በጦር ከማሳደድ በጋብቻ ማሰር እንደሚሻል አሰቡ። ስለዚህ በ1830ዎቹ ዓመታት ውስጥ ወይዘሮ ተዋበችን ለካሣ ዳሩላቸው፤ ግዛትም ሰጧቸው። የዚህ ጋብቻ ዐላማ ፍቅር አልነበረም። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ያሰቡት ወይዘሮ ተዋበች በባላቸው ቤት የዘመዶቻቸው ዐይንና ጆሮ ሆነው እንዲኖሩ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ወይዘሮዋ ባላቸውን ወደዱ፤ ባላቸውም እርሳቸውን ብቻ አከበሩ። የዘመኑ መኳንንት ብዙዎቹ ሚስት እያገቡ ሚስት በሚፈቱበት ጊዜ፥ ካሣና ተዋበች በሥጋ ወደሙ ተወስነው በአንድነት ጸኑ። ይህም በዚያ ዘመን ላዩት ሰዎች እንግዳ ነገር ስለ ነበረ በአገሬውም በውጭ አገር ሰዎችም ዘንድ ተወርቷል።

የዚህ ፍቅር ፈተና የመጣው ከዚያው ከቆላው ጠረፍ ነው። በዚያ ወራት ሱዳንን የያዘው የግብጽ መንግሥት ወታደሮቹን እስከ መተማ አካባቢ ያቀርብ ነበርና የጠረፉ ሰው ዕረፍት አልነበረውም። ደጃዝማች ክንፉ በ1829 ዓ.ም. ይህን ጦር ድል ነሥተውት ነበር። ደጃዝማች ካሣም በመጋቢት 1840 ዓ.ም. ወደ ጠረፉ ወርደው ደባርቂ በምትባል ስፍራ ገጠሙት። ነገር ግን የግብጽ ጦር በምሽግ ውስጥ ሆኖ በመድፍ ይዋጋ ነበር፤ ወታደሩም በሥርዐት የሠለጠነ ነበር። ከካሣ ሠራዊት ብዙው በምሽጉ ፊት ወደቀ። ካሣም ሽንፈትን ተሸክመው ተመለሱ።

በጠረፉ ከግብጾች ጋር ባደረጉት ውጊያ ካሣ በጥይት ቈስለው ሲመለሱ የሆነውን ነገር፥ በኋላ ዘመን በመቅደላ ታስሮ የነበረው ሄንሪ ብላንክ የሰማውን መዝግቦ አቈይቶልናል። ብላንክ በእንግሊዝ መንግሥት አገልግሎት የነበረ ሐኪም ስለ ሆነ የቍስልን ነገር አቃልሎ የሚያይ ሰው አይደለም። እርሱ እንደሚተርከው የአገሩ ባለ መድኀኒት ቍስሉን ለማከም አንዲት ላም ዋጋ ጠየቀ። ካሣ ግን በዘመቻው ያላቸውን ሁሉ ስለ ጨረሱ ላሚቱን የሚገዙበት አልነበራቸውም። እናታቸው መድኀኒት ሸጠው ያሳደጓቸው ሰው፥ የመድኀኒት ዋጋ አጡ። ስለዚህ መቸገራቸውን ገልጠው ወደ ሚስታቸው አያት ወደ እቴጌ መነን ላኩ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብሎ የዚያን ጊዜ ቍስል ምን እንደ ነበረ ማሰብ ያስፈልጋል። የአገራችን ባለ መድኀኒቶች ቍስልን በቅቤና በማር መያዝን ያውቁ ነበር። ነገር ግን ጥይት የገባበት ሥጋ ሲነካ የሚያደነዝዝ መድኀኒት በዚያ አልነበረም። በባሕር ማዶ እንኳ ሕሙማንን በኤተር አደንዝዞ መቅደድ በይፋ ከታየ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር። ቍስልን ከመመርቀዝ የሚጠብቀው የእንግሊዛዊው ሐኪም የሊስተር ጥበብ ደግሞ የታወቀው ከደባርቂ ጦርነት ወደ 20 ዓመት ያህል ቈይቶ ነው። እንግዲህ በቆላ ሙቀት ውስጥ በቍስል መተኛት ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ፥ ቀኑን ያለ ዕረፍት ማሳለፍ ነው። ከዚህ ሁሉ ጋር የሽንፈት ኀዘንና የወደቁት ወታደሮች ትዝታ አለ።

እቴጌ መነን ግን ይህን ሁሉ አላዩም። እርሳቸው ያዩት ትዕቢተኛ ሽፍታ ተዋርዶ ሲለምን ነው። ስለዚህ በላሚቱ ፈንታ ጥቂት ሥጋ፥ ከሚያዋርድ መልእክት ጋር፥ ላኩላቸው። አስተውሉ፤ ጥያቄው የታማሚ ጥያቄ ነበር፤ መልሱ ግን የባለጋራ መልስ ሆነ። ሕመሙ በሕመምነቱ ሳይታይ ለውርደት ምልክት ተቈጠረ። ቤተ መንግሥቱ የካሣን ቍስል የተመለከተው የኢዮብ ወዳጆች የኢዮብን ቍስል በተመለከቱበት ዐይን ነው፤ እነዚያ ኀጢአቱን በቍስሉ እንዳነበቡ፥ እነዚህም ውድቀቱን በቍስሉ አነበቡ። ሁለቱም ተሳሳቱ።

መልእክቱ በደረሰ ጊዜ ወይዘሮ ተዋበች ከቍስለኛው አልጋ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ይህ አንድ ቃል፥ ይኸውም ተቀምጠው ነበር የሚለው፥ ብዙ ነገር ይዟል። የራስ ልጅ ነበሩና ወደ ደብረ ታቦር መመለስ ይችሉ ነበር፤ የሚከለክላቸውም አልነበረም። ሥጋውን የላኩት አያታቸው ናቸውና፥ ዝም ብለው ቢቀበሉት ከዘመዶቻቸው ጋር በሰላም በኖሩ ነበር። እርሳቸው ግን ሕመሙን ሌትና ቀን ከአጠገቡ ሆነው ያዩ ስለ ሆነ፥ ከሩቅ የተሰጠውን ትርጓሜ አልተቀበሉም። ያ ሥጋ ለባላቸው ብቻ ሳይሆን ለራሳቸውም የተላከ ስድብ መሆኑን ተረዱ፤ የአንዱ ሕመም የሁለቱ ሕመም ሆነ። ሁለቱ አንድ ሥጋ ይሆናሉ የተባለው ትምህርት በሠርግ ቀን ለሁሉ ይነገራል፤ እውነት መሆኑ የሚታወቀው ግን አንዱ ሥጋ ሲቈስል ነው።

ከዚህ በኋላ ወይዘሮ ተዋበች የተናገሩት ግን ያለ ምርመራ ሊታለፍ አይገባውም። ብላንክ እንደሚለው፥ ጀግናን እንደሚያከብሩ፥ ፈሪን ግን እንደሚንቁ ለባላቸው ገለጡላቸው፤ ይህን ስድብ በደም ካልተበቀሉትም ከአጠገባቸው እንደማይኖሩ ነገሯቸው። እኛ ስለ እቴጌዪቱ መልካምነት ስንጽፍ ይህን ሸሽገን ብናልፍ እውነትን እንበድላለን። በአልጋው አጠገብ መጽናታቸው የሚመሰገን ነው፤ የታማሚውን ክብር መጠበቃቸውም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በሕመም የተቃጠለውን ልብ በበቀል እሳት ማንደድ የክርስትና ምክር አይደለም። ብዙ ጊዜ ታማሚን የሚያስታምም ሰው ይህ ይደርስበታል። ለሚወደው ሰው ሲቈረቈር በበደሉት ላይ ቍጣ ይሞላዋል፤ ያም ቍጣ ለታማሚው ሌላ ሸክም ይሆናል። ወይዘሮ ተዋበች እንደ መልአክ ሳይሆን እንደ ሰው ነበሩ፤ ስለዚህም ነው ከሕይወታቸው ልንማር የምንችለው።

ካሣም ከሕመማቸው ተነሡ። ከራስ ዓሊ ቤት ጋር የነበራቸው ዝምድና ግን ከዚያ በኋላ እየታረቀም እየፈረሰም ወደ ጦርነት አመራ። በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን ድል ነሡ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ዐይሻል ላይ ራስ ዓሊን ራሳቸውን ድል ነሥተው የየጁ መሳፍንትን አገዛዝ ፈጸሙት። ራስ ዓሊም ወደ የጁ ሸሹ። እስኪ በዚያ ቀን በወይዘሮ ተዋበች ልብ ውስጥ የነበረውን ነገር እናስብ! የድሉ ደስታ የባላቸው ነበር፤ የሸሹትም የወለዷቸው አባታቸው ናቸው። ባልን ለመከተል አባትና እናትን መተው የሚለው ሕግ ለብዙዎቻችን ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት መሄድ ነው። ለእርሳቸው ግን የአባታቸውን ቤት ውድቀት በዐይናቸው ማየት ሆነባቸው። ቢሆንም ከባላቸው አልተለዩም።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ድል ሆኑ። ካሣም በዚያው በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ ጭነው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ወይዘሮ ተዋበችም እቴጌ ሆኑ። በእቴጌነታቸው ዘመን ያዩአቸው ሰዎች አንድ ነገር ይመሰክሩላቸዋል፤ ይኸውም የንጉሡን ቍጣ የሚያበርዱ፥ ምሕረትን የሚያስታውሱ እንደ ነበሩ ነው። በሕመም አልጋ አጠገብ በቀልን የመከሩት ሴት፥ በዙፋን አጠገብ ትዕግሥትን ወደ መምከር ደረሱ። እኛም ይህን የትዳር ፍሬ ነው እንላለን። የባላቸውን ጠባይ ሲነሣና ሲበርድ፥ ምን እንደሚያስቈጣውና ምን እንደሚያሳዝነው፥ ከማንም በላይ ያወቁት እርሳቸው ነበሩ። ያን ዕውቀት ያገኙት ደግሞ ከዙፋን ሳይሆን ከዚያ ከቆላው አልጋ ጀምረው ነው።

በ1850 ዓ.ም. እቴጌ ተዋበች ራሳቸው ታመው ዐረፉ። ዐፄ ቴዎድሮስ እጅግ መራራ ኀዘን አዘኑ፤ ኀዘናቸውም ብዙ ዘመን አልለቀቃቸውም። ከዚያም ሁለት ዓመት ያህል ቈይቶ፥ በ1852 እና በ1853 ዓ.ም.፥ ወዳጆቻቸው የነበሩት እንግሊዛውያን ፕላውደንና ጆን ቤል ተራ በተራ ተገደሉ። የደጃዝማች ውቤን ልጅ ወይዘሮ ጥሩወርቅን ቢያገቡም የቀድሞው ፍቅር አልተመለሰም። በእነዚያ ዓመታት የንጉሠ ነገሥቱ ጠባይ እየከፋ ሄደ። አቡነ ሰላማ በመቅደላ ታስረው እዚያው ዐረፉ፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተቃጠለች፥ አብያተ ክርስቲያናቷም ተዘረፉ። በመጨረሻም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ንጉሡ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ።

ስለዚህ ለውጥ ሰዎች የተለያየ ስም ሰጥተዋል። አንዱ ትዕቢት ብሎታል፤ አንዱ እብደት ብሎታል፤ አንዱ መጠጥ፥ አንዱም የሰይጣን ሥራ ብሎታል። እኔ በእነዚህ ላይ ሌላ ስም አልጨምርም፤ ከሩቅ ሆኖ የሰውን ሕመም መሰየም ስሕተት መሆኑን ከመጀመሪያው ተናግሬአለሁና። በግፍ የፈሰሰውንም ደም በሕመም አላመካኝም። አንድ ነገር ግን ግልጥ ነው። ከ1850 ዓ.ም. በኋላ በዚያ ታላቅ ሰው አጠገብ ሕመሙን ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚያውቅ፥ ሳይፈራም እውነቱን የሚነግረው ሰው አልነበረም። የትዳር ጓደኛ ሲሄድ ከእርሱ ጋር የሕመማችን ምስክር ይሄዳል።

ይህን የቀድሞ ታሪክ ወደ ዛሬ ዘመን እናምጣው። በዚያው በመተማና በቋራ ቆላ ዛሬም ቢሆን ስሙ የሚሳሳት ሕመም አለ። በሰሊጥ አረምና አጨዳ ወራት ከደጋው አገር ሳሉግ የሚባሉት የቀን ሠራተኞች በብዛት ወደ መተማ ይወርዳሉ። ሌሊት በሜዳ፥ በተሰነጣጠቀው በዋልካው መሬት ላይ፥ በግራር ሥር ያድራሉ። በዚያም አንዲት ትንሽ የአሸዋ ዝንብ ነድፋ ካላዛር የሚባለውን ደዌ ታስይዛቸዋለች። ይህ ደዌ ለሳምንታትና ለወራት የሚቈይ ትኩሳት ያመጣል፤ ሥጋን ያከሳል፤ ደምን ያሳንሳል፤ በግራ ጐን ያለውን ጣፊያ ያሳብጣል፥ ያሳምማልም። ካልታከመም አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። መጀመሪያው ግን ወባን ስለሚመስል ብዙ ታማሚዎች የወባ መድኀኒት ደጋግመው ውጠው ሳይድኑ ይቀራሉ።

ይህ ስሕተት በአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን በአንድ ወረዳ ሙሉ የደረሰበት ጊዜ አለ። በሊቦ ከምከም ወረዳ ብዙ ሰው ሲታመምና ሲሞት፥ በመጀመሪያ መድኀኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ሲመረመር ግን ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ደዌውንም ወደ ቆላው ለሥራ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ወደ ወረዳው ሳያመጡት እንዳልቀሩ ታመነ። እንግዲህ ስሙ እስኪታወቅ ድረስ ስንት ሚስት በባሏ፥ ስንት ባልም በሚስቱ አልጋ አጠገብ ተቀምጠው ደክመዋል!

እኔም በዚህ ነገር ንጹሕ አይደለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ሴት ባሏ ከመተማ የሰሊጥ ሥራ ተመልሶ እንደ ታመመ ነገረችኝ። ሦስት ጊዜ የወባ መድኀኒት ተሰጥቶት አልተሻለውም። ማታ ማታ ጐኑን ይዞ ያቃስት ነበር። ጎረቤቶቹ ሥራ ጠልቶ ነው ይሉት ነበር። እኔም እንደ ኢዮብ ወዳጆች ሆንሁ። በበረሓ የሠራኸውን ኀጢአት መርምር፥ ጠበልህንም ያዝ ብዬ ሸኘሁት፤ ስለ ሐኪም አንድ ቃል አልተናገርሁም። እርስዋ ግን የእኔንም የጎረቤቶችዋንም ቃል በትሕትና ሰምታ፥ በልብዋ ግን ሳትቀበል፥ በግዋን ሸጣ ባሏን ወደ ጎንደር ይዛው ሄደች። ለሐኪሙም ትኩሳቱ የጀመረበትን ሳምንት፥ የወሰደውን መድኀኒት፥ በሜዳ ያደረበትን ስፍራ አንድ በአንድ ነገረችው። ደሙ ሲመረመር ካላዛር መሆኑ ታወቀ፤ ታክሞም ዳነ። ስማቸውንም አጥቢያቸውንም አልጠቅስም። ሰውየው ድኖ ሊሳለመኝ በመጣ ጊዜ ግን መስቀል የያዘች እጄ አፈረች።

ስለዚህ ከእቴጌ ተዋበች ሕይወትና ከዚህች ሴት ሥራ የምንወስደው ምክር ይህ ነው።

አንደኛ፥ የታመመውን የትዳር ጓደኛህን እመነው። በጐኑ ሕመም አለ ካለ አለ። ሕመሙን አንተ ስላላየኸው አልጠፋም፤ ሐኪምም አንድ ጊዜ ስላላገኘው የለም ማለት አይደለም። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ የማን ኀጢአት እንደ ሆነ ጠየቁ፤ ጌታችን ግን ጥያቄያቸውን አስተካክሎ ሰውየውን ፈወሰው። ለእኛም ከምርምራ በፊት ርኅራኄ ይቅደም።

ሁለተኛ፥ የሕመሙ ምስክር ሁን። ታማሚው በሐኪም ፊት ሲቀርብ ይደነግጣል፥ ይረሳል። አጠገቡ ያደረ ሰው ግን ትኩሳቱ መቼ እንደ ጀመረ፥ በየትኛው ሰዓት እንደሚበረታ፥ የት አገር ደርሶ እንደ መጣ፥ ምን መድኀኒት ወስዶ እንዳልረዳው ያስታውሳል። ይህን በሥርዐት መንገር ሐኪምን መናቅ ሳይሆን መርዳት ነው። መድኀኒቱ ካልረዳም ተመልሶ መሄድ፥ ዳግመኛም መጠየቅ ነውር አይደለም። ደም 12 ዓመት የፈሰሳትና ገንዘብዋን ሁሉ በባለ መድኀኒቶች የጨረሰች ሴት ደክሞኛል ብላ በቤቷ ብትቀር ኖሮ የጌታን ልብስ ባልዳሰሰች ነበር።

ሦስተኛ፥ ጠበልንና ሕክምናን አታጣላቸው። ጠቢቡ ሲራክ ሐኪምን እንድናከብር፥ መድኀኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን እንድናውቅ አስተምሯል። እኛ ካህናት ታማሚ ሲመጣብን እንጸልይለት፥ ጠበልም እናጥምቀው፤ ነገር ግን ሐኪም አይቶህ እንደ ሆነ ብለን እንጠይቀው። ዝምታችን ነፍስ እንዳያጠፋ እንጠንቀቅ።

አራተኛም፥ ቍጣህን ጠብቅ። ጎረቤት ያማል፥ ዘመድ ይንቃል፥ አንዳንድ ጊዜም በላም ፈንታ ጥቂት ሥጋ ይላካል። ይህን ሁሉ ወደ ታማሚው አልጋ አታምጣበት። እቴጌ ተዋበች በወጣትነታቸው ያነደዱትን እሳት በእቴጌነታቸው ለማብረድ ደክመዋል። እኛ ግን ከመጀመሪያው ባናነደው ይሻላል።

እነዚህ ምክሮች ለሚስቶች ብቻ የተጻፉ እንዳይመስሉ እለምናለሁ። በአገራችን ባል ሲታመም ሚስት ታስታምማለች፤ ሚስት ስትታመም ግን ብዙ ጊዜ እናቷ ትጠራለች፥ ባልም ወደ ሥራው ይሄዳል። ይህ ልማድ እንጂ ሥርዐተ ተክሊል አይደለም። በተክሊልና በቍርባን የተጋቡ ሁለቱም እኩል የአንድ አልጋ ጠባቂዎች ናቸው።

ላሚቱን የከለከሉት ቤተ መንግሥትና ያ የየጁ ኀይል ዛሬ የሉም። የቍስለኛው ዙፋንም ከመቅደላ ጋር አልፏል። ባሏ የታመመባት፥ ሰውም ያላመናት የመተማ ወይም የቋራ ሴት ግን ዛሬም ማታ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣለች፤ የቋራው ባልም ከሚስቱ አጠገብ እንዲሁ ይቀመጥ። ለእነርሱና ለእኛ ሁሉ ሕመምን በእውነተኛ ስሙ የሚጠራ አእምሮ፥ ከአልጋ አጠገብም የማይርቅ ልብ የድውያን ፈዋሽ የሆነው አምላካችን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።